ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ፦ የላይቤሪያን ዕዳ ያሰረዙ ፕሬዚዳንት

ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ሲነሱ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው በ2011 ያገኙት የኖቤል የሰላም ሽልማት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እኔን የሚገርመኝ ግን የዕዳው ጉዳይ ነው። ሴትዮዋ ከሁሉ በፊት የሒሳብ ሰው ናቸው።

በላይቤሪያ ዋና ከተማ ሞንሮቪያ በ1938 ተወለዱ። በ17 ዓመታቸው አግብተው አራት ወንዶች ልጆች ወለዱ። አሜሪካ ሄደው የሒሳብ አያያዝና ኢኮኖሚክስ ተማሩ፤ በ1971 ከሐርቫርድ በሕዝብ አስተዳደር ማስተርሳቸውን ያዙ።

በ1979 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ጊዜው ክፉ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ የሩዝ ዋጋ ሊጨምር ነው ሲባል ሞንሮቪያ በተቃውሞ ታመሰች። ሩዝ እዚያ እንደ እኛ እንጀራ ነው። በዓመቱ ሳሙኤል ዶ የተባለ የጦር ሠራዊቱ የበታች ሹም መፈንቅለ መንግሥት አደረገ፤ 13 ባለሥልጣናት ባሕር ዳር ተረሸኑ። እሳቸው ከተረፉት ጥቂት ሚኒስትሮች መካከል ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ስደትና እስር ተፈራረቁባቸው። ናይሮቢ በሲቲባንክ፣ ኋላም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ሠሩ። በ1997 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው፣ የእርስ በርስ ጦርነቱን ባስነሳው የአማፂ መሪ በቻርልስ ቴይለር ተሸነፉ። በ2005 እግር ኳሰኛውን ጆርጅ ዊሃን በሁለተኛው ዙር አሸንፈው፣ በምርጫ ፕሬዚዳንት የሆኑ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ተባሉ።

የተረከቡት ካዝና ባዶ ነበር። የመንግሥት ዓመታዊ በጀት ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የውጭ ዕዳው ግን 5 ቢሊዮን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በጦርነቱ ዓመታት ሳይከፈል የቀረው እየወለደ ነው እዚህ የደረሰው። መንግሥታቸው ከሰበሰበው በላይ አላወጣም፤ አበዳሪዎች ዕዳ ለመሰረዝ መጀመሪያ ይህን ማየት ይፈልጉ ነበር። በ2009 ከግል አበዳሪዎች የነበረውን 1.2 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ለአንድ ዶላር 3 ሳንቲም ያህል እየከፈሉ ዘጉት። የሚያስቀና ድርድር ነው! በ2010 ሰኔ አብዛኛው የቀረው ዕዳ ተሰረዘ።

ነቀፋም አላጡም። ልጆቻቸውን በመንግሥት ሥልጣን ላይ ማስቀመጣቸው ብዙ አስወቅሷቸዋል። ለቴይለር መጀመሪያ ላይ ድጋፍ መስጠታቸውን አምነው ይቅርታ ጠይቀዋል። በ2014 ደግሞ ኢቦላ መጣ፤ ላይቤሪያ ውስጥ ብቻ ከ4,800 በላይ ሰው ሞተ።

በ2018 ጥር ሥልጣን ለቀቁ። በላይቤሪያ ከ1944 ወዲህ አንድ የተመረጠ መሪ ለሌላ የተመረጠ መሪ በሰላም ሲያስረክብ ያ የመጀመሪያው ነበር። ተረካቢው ያው ጆርጅ ዊሃ ነው።