የጣሊያን ዘመን ቤቶች የውስጥ እድሳት በጅማ

ጅማ ሲባል ቡናውና በጅሬን ኮረብታ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቀድመው ይመጣሉ። መሃል ከተማው ግን ሌላም ቅርስ አለው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው መቀመጫ ሲያደርጉ የሠሯቸው ቤቶች ናቸው። ጌጥ አያበዙም። ቀጥ ያለ መስመር፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ሰፊ መስኮት፤ በቃ። ለዚህም ነው ከውስጣቸው አንድ ነገር ሲነሳ ወዲያው የሚያስታውቀው።

በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ በየከተማው ብዙ ሰፋፊ ቤት ለበርካታ አባወራ ተሸነሸነ። ሳሎን በኮምፔርሳቶ ተከፈለ፣ በረንዳ ወጥ ቤት ሆነ። እድሳት የሚጀምረው በኋላ የተጨመረውን ከጥንቱ በመለየት ነው።

ወለሉ ብዙ ጊዜ ቴራዞ (የእብነ በረድ ቅንጣት በሲሚንቶ ተቀላቅሎ የሚሠራ ንጣፍ) ነው። ቆሽሾ ሲያዩት ሴራሚክ ልደርብበት ያሰኛል። መጀመሪያ አንድ ጥግ በለስላሳ ሳሙናና በጨርቅ ይሞከር። ከጥቁሩ እድፍ ሥር ነጭ፣ ቀይና አረንጓዴ የእብነ በረድ ቅንጣቶች ብቅ ይላሉ። አሲድ ግን አይነካው፤ እብነ በረዱንም ሲሚንቶውንም ይበላዋል። የተሰበረ ንጣፍ ካለ ከቁምሳጥን ሥር አንስቶ መተካት ይቻላል።

ግድግዳው ላይ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። ጅማ ላይ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይዘንባል። የድሮው የኖራ ልስን እርጥበቱን ያስተነፍሰዋል። በላዩ ሲሚንቶ ሲለሰን ውሃው መውጫ ያጣና ቀለሙ ያብጣል፣ ይፈረፈራል። ስለዚህ መጀመሪያ ጣሪያና አሸንዳ፣ ከዚያ በኖራ መጠገን። የመብራት መስመር ግድግዳ ሳይቦረቦር በላዩ ቢሄድ ይሻላል።

መስኮትን በአሉሚኒየም መቀየር ቀላሉ ጥፋት ነው። የብረት እጀታው ለቆራሌው ከተሸጠ ሌላ አምሳያው አይገኝም። የበሰበሰ እንጨት መተካት ደግሞ ለጅማ አናጺ ብርቅ አይደለም፤ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ ከተማ ነው። የሙያው ቋንቋ ራሱ ከጣሊያን የቀረ ነው፦ ፌሮ፣ ስቱኮ፣ ሞራሌ፣ ላሜራ።

ቤቱ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይመለከተዋል። ጥገናው የሚጀመረው የቅርስ ባለሥልጣኑ ሲፈቅድ ነው፤ መዶሻው እስከዚያ ይጠብቅ። በዚህ መሃል ክፍሎቹን ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ኮምፔርሳቶው ወለሉ ላይ የተመታበት የምስማር መስመር ሳይቀር።