ኮንትራ 4፦ የሁለት ስክሪን የሩጫና የተኩስ ጨዋታ

ኮንትራ 4 በእጅ ለሚያዘው ኒንቴንዶ ዲኤስ የተሠራ የቪዲዮ ጨዋታ ሲሆን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2007 በሰሜን አሜሪካ ለገበያ ቀረበ። አሳታሚው የጃፓኑ ኮናሚ፣ ሠሪው ደግሞ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ዌይፎርዋርድ ነው። የወጣበት ዓመት የመጀመሪያው ኮንትራ 20ኛ ዓመቱን የያዘበት ስለነበር ጨዋታው ከመነሻው የልደት ስጦታ ሆኖ የታሰበ ነው። የዚህ ዓይነት ጨዋታ በእንግሊዝኛ «ራን ኤንድ ገን» ይባላል። በአማርኛ የረጋ ስም ስላላገኘ በዚህ ጽሑፍ «የሩጫና የተኩስ ጨዋታ» እንለዋለን። ተጫዋቹ እየሮጠ፣ እየዘለለና እየተኮሰ ከደረጃ ወደ ደረጃ ያልፋል፤ በየደረጃው መጨረሻም «አለቃ» የሚባል ግዙፍ ጠላት ይጠብቀዋል። የጤና መለኪያ የሚባል ነገር የለም። አንዲት ጥይት ከነካችው አንድ ነፍስ ሄደ ማለት ነው።

የተከታታዩ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1987 በሳንቲም ከሚሠራ የጨዋታ ማሽን ነው። ስሙን በየቤቱ ያስገባው ግን በማግሥቱ ዓመት ለኒንቴንዶ የቤት ኮንሶል የወጣው ቅጂ ሲሆን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጫወቱት ነበር። በመነሻ ገጹ «ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ» ብሎ ሁለቱን ቁልፎች የጫነ ሰው 30 ነፍስ ያገኝበት የነበረው ምሥጢራዊ ኮድ ጨዋታውን ነክተው ለማያውቁ ሰዎች እንኳ ደርሷል። ከዚያ ሱፐር ሲ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1992 ለሱፐር ኒንቴንዶ የወጣው ሦስተኛው ኮንትራ ተከተሉ። በአውሮፓ ተከታታዩ ለብዙ ዓመታት «ፕሮቦቴክተር» በሚል ስም ተሸጧል፤ በጀርመን የነበረው ጥብቅ የዓመፅ ቁጥጥር ታስቦ ሰብዓዊዎቹ ወታደሮች በሮቦቶች ተተክተው ነበር። በ1996 እና በ1998 ለፕሌይስቴሽን የወጡት ሁለት ጨዋታዎች ወደ ሦስት አቅጣጫ ምስል የተሻገሩ ናቸው፤ ስለ እነርሱ ዝም ማለት ይሻላል።

በእጅ በሚያዙ መሣሪያዎች ረገድ ኮንትራ 4 የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ለጌም ቦይ ኦፕሬሽን ሲ ወጥቶ ነበር፤ አምስት ደረጃ ብቻ ያለው፣ ለአንድ ተጫዋች የተሠራ፣ ግን በትንሿ ግራጫ ስክሪን ላይ የተከታታዩን ፍጥነት ሳያጓድል ያቀረበ ሥራ ነው። በ2002 ደግሞ ሦስተኛው ኮንትራ ለጌም ቦይ አድቫንስ ተገለበጠ፤ ከላይ ወደ ታች የሚታዩት ደረጃዎቹ ወጥተው በምትካቸው ከሌላ የኮንትራ ጨዋታ የተወሰዱ ደረጃዎች ገቡበት።

የኮንትራ 4 ሥራ የተመራው በማት ቦዞን ነው። ቦዞን ከዚያ በፊት በጌም ቦይ ከለር ላይ በወጣው ሻንቴ በሚባል ጨዋታ ይታወቅ ነበር። ዌይፎርዋርድ እ.ኤ.አ. በ1990 የተመሠረተ ሲሆን፣ ብዙዎች ወደ ሦስት አቅጣጫ ምስል በጎረፉበት ዘመንም በፒክስል ተስሎ የሚንቀሳቀስን ምስል የሙጥኝ ካሉት ጥቂት ድርጅቶች አንዱ ነው። ይህ ጽናት በኮንትራ 4 ውስጥ በዓይን ይታያል። የጫካው ቅጠል፣ የፏፏቴው ውኃ፣ የሚፈነዳው ብረት ሁሉ በነጥብ በነጥብ የተሠራ ነው። ሙዚቃውን የጻፈው ጄክ ካውፍማን የጥንቱን የጫካ ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር አስነሥቶታል። በመሣሪያው ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች የሰማው ሰው ግማሹን ብቻ ሰማ ማለት ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ይገባል።

የጨዋታው ትልቁ ሐሳብ ስክሪኑ ነው። ኒንቴንዶ ዲኤስ አንዱ ካንዱ በላይ የተቀመጡ፣ በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ስክሪኖች አሉት። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ጨዋታዎች አንዱን ለጨዋታው፣ ሌላውን ለካርታ ወይም ለዕቃ ዝርዝር ያውሉት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው መሣሪያ የወጣው ሜታል ስለግ 7 እንኳ፣ በዚህ ዓይነት ጨዋታ አንጋፋ ከሚባል ተከታታይ የመጣ ሆኖ ሳለ፣ ውጊያውን በአንዱ ስክሪን ወስኖ በሌላው ካርታ አሳየ። ኮንትራ 4 ግን ሁለቱን እንደ አንድ ረጅም ሜዳ ቆጠራቸው። ጠላት ከላይም ከታችም ይመጣል፣ አለቆቹ ሁለቱንም ስክሪን ሞልተው ይቆማሉ። ተጫዋቹም ባለ መንጠቆ ገመድ ወደ ላይ ወርውሮ በአንድ ትንፋሽ ከታችኛው ስክሪን ወደ ላይኛው ይሳባል። በነባሮቹ ኮንትራዎች ውስጥ ያልነበረ ከፍታ ነው፤ ከአሮጌው ቀመር ሳይወጣ አዲስ ነገር መጨመር ከተቻለ እንዲህ ነው የሚቻለው።

ትልቁ እንከኑም የሚነሣው ከዚያው ቦታ ነው። በሁለቱ ስክሪኖች መካከል የፕላስቲክ ማጠፊያ አለ፤ ጨዋታው ደግሞ ያንን ክፍተት እንደሌለ አልቆጠረውም፣ እንደ እውነተኛ የሜዳ ክፍል ወሰደው። ስለዚህ በላይኛው ስክሪን ጠርዝ የቆመ ጠላት ወደ ታች ሲተኩስ ጥይቷ ወርዳ ወርዳ ማጠፊያው ላይ ስትደርስ ትጠፋለች። ተጫዋቹ ለአፍታ ምንም አያይም። ከዚያ ጥይቷ ከታችኛው ስክሪን ጣራ፣ ከራሱ በላይ፣ ዱብ ትላለች። አንዲት ነጠላ ጥይት ከሆነች በግምት ማምለጥ ይቻላል፤ አምስት ስድስት በተለያየ ፍጥነት ሲወርዱ ግን ግምት አይሠራም። ክፍተቱ ባይቆጠር ኖሮ ሰያፍ የሚሄዱ ጥይቶች ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ሲያልፉ መስመራቸው የተሰበረ ይመስል ነበርና ሠሪዎቹ ያለ ምክንያት አላደረጉትም። ቢሆንም በአንዲት ጥይት በሚሞቱበት ጨዋታ ውስጥ የማይታይ ቦታ መኖሩ ፍትሐዊ አይደለም፣ የወደዱትም ሰዎች ይህን አይክዱም።

የጦር መሣሪያ አያያዙ ግን በሚገባ የታሰበበት ነው። በአየር ላይ የሚበር ዕቃ ሲመታ ፊደል ያለበት ምልክት ይወድቃል፤ የ«ኤስ» ፊደል ጥይትን እንደ ማራገቢያ የሚበትነውን ስፕሬድ፣ የ«ኤል» ፊደል ሌዘርን ይሰጣል። ተመሳሳይ ፊደል ደግሞ ሲገኝ መሣሪያው ይጎለብታል። ሁለት መሣሪያ መያዝ፣ እየቀያየሩ መተኮስ፣ አንዱን ጥሎ ጓደኛ እንዲያነሣው ማድረግም ይቻላል። ተጫዋቹ ሲሞት በእጁ የነበረውን ያጣል። ስለሆነም ልምድ ያለው ሰው ሞት መቅረቡን ሲያውቅ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ደካማው መሣሪያ ቀይሮ ይሞታል። ጠንካራው ለሚቀጥለው ነፍስ ይተርፋል። እንዲህ ያለ ትንሽ ተንኮል የሚያስተምር ጨዋታ ሁሌም አይገኝም።

ደረጃዎቹ ዘጠኝ ናቸው። ጫካው፣ ቤተ ሙከራውና ፏፏቴው የ1987ቱን ጨዋታ የመጀመሪያ ሦስት ደረጃዎች አውቀው ይከተላሉ። በቤተ ሙከራው ተጫዋቹ ከጀርባ እየታየ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ይህ ትዝታን ከመቀስቀስ በቀር ብዙ አይጨምርም፣ የጨዋታውንም ፍጥነት ያቀዘቅዛል። በፏፏቴው ግን መውጣት ያለበት ገደል ሁለቱንም ስክሪን ይይዛል፤ መንጠቆው ለምን እንደተፈጠረ የሚገባው እዚያ ነው።

ክብደቱን በተመለከተ ሰዎች አይስማሙም። ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ቢኖሩም ቀላል የተባለው ለአዲስ ሰው ቀላል አይደለም። ጨዋታውን ሙሉውን ለሚያውቅ ሰው ጉዞው ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ለማያውቅ ግን ሳምንታት ነው። ክብደቱ የተከታታዩ ማንነት እንጂ ጉድለት አይደለም የሚሉት ወገኖች እውነት አላቸው፤ ጠላት የሚወጣበት ቦታ ሁልጊዜ ያው ስለሆነ ሞት ሁሉ ትምህርት ይሆናል። ሆኖም በታክሲ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ በሚከፈት መሣሪያ ላይ ዋናውን ጉዞ በአንድ መቀመጫ ጨርሱ ማለት ከመሣሪያው ጠባይ ጋር አይሄድም።

ሁለት ሆኖ መጫወት የሚቻለው በቅርብ ርቀት በገመድ አልባ ግንኙነት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰውም የራሱ ካርትሪጅ (ጨዋታው ያለበት ትንሽ ካርድ) ያስፈልጋል። በኢንተርኔት መጫወት አይቻልም። ሁለት ሰው በአንድ ካርትሪጅ እንዲጫወት ማሰብ ያለበት ጨዋታ ቢኖር ይህ ነበር።

ካርትሪጁ የያዘው ትርፍ ሀብት ይህን በከፊል ይክሳል። 40 አጫጭር ፈተናዎች አሉ፤ አንዳንዱ በተወሰነ ጊዜ መድረስን፣ አንዳንዱ ሳይሞቱ መቆየትን ይጠይቃል። ፈተናዎቹን ያለፈ ሰው የቤት ኮንሶሉን የመጀመሪያ ኮንትራና ሱፐር ሲን ሙሉ በሙሉ ይከፍታል፤ የአውሮፓውን ሮቦት ፕሮቦቴክተርን ጨምሮ የቀድሞ ገጸ ባሕርያትንም ያገኛል። የተከታታዩ ነባር ሠሪ ኖቡያ ናካዛቶ የሰጠው ቃለ ምልልስና የተከታታዩ ታሪክ ቤተ መዘክርም እዚያው ተቀምጧል። ኮናሚ በወቅቱ ለራሱ ታሪክ ይህን ያህል ክብር የሰጠበት ሌላ ካርትሪጅ መጥቀስ ያዳግታል።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2638 እንደተፈጸመ ይነገራል፤ ማለትም ከሦስተኛው ኮንትራ ጦርነት ሁለት ዓመት በኋላ። የተከታታዩ ዋና ጀግኖች ቢል ራይዘርና ላንስ ቢን፣ ብላክ ቫይፐር የተባለውን ባዕድ ጠላት ይዋጋሉ። ከእነርሱ ጋር የሚሰለፉት ማድ ዶግና ስኮርፒዮን ግን አወዛጋቢ ናቸው፤ በጥንቱ የአሜሪካ መመሪያ መጽሐፍ እነዚህ ስሞች የቢልና የላንስ ቅጽል ነበሩ። ዌይፎርዋርድ ሁለት አዲስ ሰዎች አደረጋቸው። ስህተት የሚሉት አሉ፤ ለአሮጌው መመሪያ የተደረገ ፍቅር ያለበት ቀልድ ነው ማለት ግን የበለጠ ያስኬዳል።

በጃፓን ጨዋታው በ2008 «ኮንትራ፦ ዱዋል ስፒሪትስ» ተብሎ ወጣ። በአውሮፓ ፈጽሞ አልታተመም።

ኮናሚ በ2019 የተከታታዩን ነባር ጨዋታዎች በአንድ ጥራዝ ሰብስቦ ሲያወጣ የጌም ቦዩ ኦፕሬሽን ሲ ገባ፣ ኮንትራ 4 ቀረ። ምናልባት ምክንያቱ ያው ስክሪን ይሆናል፦ ለሁለት ስክሪን የተቆረጠን ሜዳ በአንድ ቴሌቪዥን ላይ ማስፈር ቀላል አይደለም። ዌይፎርዋርድ በ2024 የመጀመሪያውን ጨዋታ እንደ አዲስ የሠራውን ኮንትራ፦ ኦፕሬሽን ጋሉጋን ለኮናሚ ሠርቶ ወደ ተከታታዩ ተመለሰ። ያኛው በአንድ ሰፊ ስክሪን ላይ የሚታይ ስለሆነ የሚሰወር ጥይት የለበትም፤ ጣራውም እንደ ዲኤሱ ሁለት ፎቅ አይደርስም።