«ፒቹ ሲበዛ ይፈጥናል» እና ሌሎች የሐይቅ ዳር ምክሮች

ሐይቅ ዳር ሞተር ጀልባ ይዞ የቆመ ሰው ምክር አያጣም። ባህር ዳርና ሐዋሳ ከሰማኋቸው ምክሮች ብዙዎቹ ስለ ፕሮፔለር ፒች ናቸው፤ ገሚሶቹን የሰማ ሰው ሞተር ያስበላል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናንብብ። ፕሮፔለሩ ላይ እንደ 11 × 13 ያለ ጽሑፍ ተቀርጾ ይገኛል። የፊተኛው ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ስፋት በኢንች ነው። የኋለኛው ፒች ይባላል፦ ፕሮፔለሩ እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ብሎን ቢሆን ኖሮ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት። 13 ኢንች 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

«ፒቹ ሲበዛ ጀልባው ይፈጥናል»

ወረቀት ላይ እውነት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5,500 ጊዜ ቢዞርና የማርሹ ምጣኔ 2 ለ 1 ቢሆን፣ ፕሮፔለሩ 2,750 ጊዜ ይዞራል። በ13 ኢንች ሲሰላ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ውሃ ግን እንጨት አይደለም፤ ከ10 እስከ 20 በመቶው በመንሸራተት ይባክናልና 46 አካባቢ ቢደርስ ጥሩ ነው። በ17 ኢንች ያው ስሌት 71 ይሰጣል። ችግሩ፣ ስሌቱ ሞተሩ 5,500 እንደሚደርስ አስቀድሞ ማመኑ ነው። አይደርስም። ዳገት በአራተኛ ማርሽ እንደመጀመር ነው፦ ሞተሩ ያቃስታል፣ የጀልባው አፍንጫ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፣ ከውሃው ላይ ብድግ ብሎ መንሸራተቱም ይቀራል።

«ዙሩ ዝቅ ካለ ሞተሩ አይደክምም፣ ቤንዚንም ይቆጥባል»

ይህኛው ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል፤ ምክንያቱም የጥንቃቄ ምክር ይመስላል። በግማሽ ጋዝ ዝግ ብሎ መሄድ አንድ ነገር ነው። ጋዙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ዙሩ አልወጣ ሲል ግን ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል ማለት ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀትና ግፊት ይጨምራል፣ ካርቦን ይጋገራል፣ ነዳጁ ያለጊዜው እየፈነዳ ፒስተኑን ይመታል። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ጋዙ ሙሉ ሲከፈት ሊደርስበት የሚገባውን ዙር ይነግራል። ብዙ ባለአራት ምት ሞተሮች ላይ ከ5,000 እስከ 6,000 ነው፣ አነስተኛ ባለሁለት ምቶች ላይ ብዙ ጊዜ ከ4,500 እስከ 5,500። ትክክለኛው ፒች በተለመደው ጭነት ከዚህ ክልል የላይኛው ግማሽ ውስጥ የሚያስገባ ነው። ፒቹ ከመጠን በላይ ካነሰ ደግሞ ሞተሩ ከክልሉ አልፎ ይዞራል፤ ያም ያበላሻል።

«ዱባይ ላይ የበረረ ጣና ላይም ይበራል»

አንድ ወዳጄ ከባህረ ሰላጤው ባለ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ከነጀልባው አስመጣ። እዚያ በቪዲዮ ያየነው ፍጥነት እዚህ ጠፋ። ሻጩን ሌባ፣ ቤንዚኑን የተበረዘ፣ መካኒኩን አላዋቂ አልነው። ጥፋቱ ግን የማንም አልነበረም፤ የከፍታው ነበር።

የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሐዋሳ 1,700 ገደማ። ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ (አየር አፍኖ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 40ው ጣና ላይ 33 ገደማ ነው። ፕሮፔለሩ የሚጠይቀው ጉልበት ከዙሩ ጋር በጣም ፈጥኖ ስለሚጨምር፣ ባሕር ላይ 5,500 ይደርስ የነበረው እዚህ 5,150 አካባቢ ላይ ይቆማል። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራልና፣ ወዳጄ 13ቱን በ11 ሲቀይር ሞተሩ ተነፈሰ። የጠፋው 7 ፈረስ ግን አልተመለሰም፤ ፒች መቀነስ የቀረውን ጉልበት በአግባቡ ለመጠቀም ነው።

«ኢንጀክሽን ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ያስተካክለዋል» የሚሉም አሉ። የሚያስተካክለው ነዳጁን ነው፤ የሌለ አየር አያመጣም። ካርቡራተር ያለው ደግሞ ነዳጅ ስለሚበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጂግለሩን (ነዳጁ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአነስተኛ መቀየርም ያስፈልገዋል። ነገሩ ወደ ታች ሲኬድ ይገለበጣል፦ ለጣና የተስተካከለ ጀልባ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ጫሞ ቢወርድ ዙሩ ሊያልፍ ይችላል።

«ሞተሩ ጮኾ ጀልባው ካልገፋ ፒቹ አንሷል»

ፕሮፔለር ከመግዛትዎ በፊት ሌላውን ይመርምሩ። ብዙ ፕሮፔለሮች መሃላቸው ላይ ጎማ አላቸው፤ ድንጋይ ሲመታ ማርሹ እንዳይሰበር የሚንሸራተተው እሱ ነው። ካረጀ ዘወትር ይንሸራተታል። ከውስጠኛው ቀለበት እስከ ውጨኛው አካል አንድ መስመር በቀለም ያስምሩና ይንዱ፤ ሲመለሱ መስመሩ ከተሰበረ ጎማው አብቅቶለታል። ጩኸቱ ጀልባው ሲታጠፍ ብቻ ከሆነ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር እየሳበ ነው፣ ምናልባት ሞተሩ ከፍ ብሎ ታስሯል። ጣና ላይ ደግሞ እንቦጭ አለ። ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን ነቅለው በእጅ ያውጡት።

«አራት ክንፍ ከሦስት ይፈጥናል»

ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው። አራቱ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፣ ከነጭነቱ ቶሎ ይነሳል፣ ከፍተኛው ፍጥነት ግን ትንሽ ይቀንሳል። ሰው ሞልቶ ወደ ዘጌ ለሚመላለስ ይሻላል፤ ከሦስት ሲቀይሩ ፒቹን አንድ ኢንች ያህል መቀነስ የተለመደ ነው።

ታዲያ የትኛውን ልግዛ ለሚል፦ ነፋሱ ሳይነሳ በጠዋት፣ የዘወትር ተሳፋሪዎችንና ነዳጅዎን ይዘው ይውጡ። የሞተሩን ዘንበልታ አስተካክለው ጋዙን ሙሉ ይክፈቱና ዙሩን ያንብቡ፣ ሲመለሱም ይድገሙት። ዙር ቆጣሪ ከሌለ የካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠቀለለው ትንሹ ይበቃል። ከመመሪያው ክልል የላይኛው ግማሽ ለመድረስ 300 ዙር ከጎደለ፣ ፒቹ ሁለት ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ከጎረቤት ተውሰው ይሞክሩ።