ባክ ኦኒል፤ ከተጫዋችነት በኋላ

የቤዝቦል ተጫዋቹ ባክ ኦኒል እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ተወለደ። በልጅነቱ በአትክልት እርሻ ላይ የጉልበት ሥራ ሠርቷል። ያኔ ጥቁሮች በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ መጫወት አይፈቀድላቸውም ነበር። ስለዚህ የተጫወተው በጥቁሮች ሊግ ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ነው። ከ1948 ጀምሮ ቡድኑን አሠለጠነ። በኋላ በትልቁ ሊግ ስመ ጥር የሆኑት ኧርኒ ባንክስና ኤልስተን ሃዋርድ በእጁ አልፈዋል። ጎበዝ ተጫዋች ነበር፤ ትልቁ ሥራው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ይመስለኛል።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የትልቁ ሊግ ቡድን የቺካጎ ካብስ ተጫዋች መልማይ ሆነ። ደቡቡን በመኪና እየዞረ፣ ሌሎች መልማዮች እምብዛም የማይረግጧቸውን የጥቁሮች ኮሌጆች ያይ ነበር። ሉዊዚያና ውስጥ ወጣቱን ተጫዋች ሉ ብሮክን ያገኘው እንዲህ ነው። ብሮክ በኋላ 938 ቤዝ ሰርቋል። ቤዝ ሯጩ ነጥብ ለማግኘት በየተራ የሚረግጠው ምልክት ነው፤ ቤዝ መስረቅ ማለት ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ መድረስ ነው፤ ፍጥነትም ድፍረትም ይጠይቃል።

ከሁሉም የምወደው ግን የተጫዋቹን የቢሊ ዊሊያምስን ታሪክ ነው። በ1959 ዊሊያምስ ቴክሳስ ውስጥ በካብስ የታችኛው ቡድን ይጫወት ነበር። መድልዎው አንገሸገሸውና ጥሎ አላባማ፣ እናት አባቱ ቤት ገባ። ክለቡ ኦኒልን ላከው። ኦኒል አልተቆጣውም፤ ተመለስ ብሎም አልጨቀጨቀውም። ወደ ሰፈሩ ሜዳ ይዞት ሄደ። ልጆቹ ዊሊያምስን ሲያዩ ከበቡት፤ ስለ ቤዝቦል ኑሮው በጥያቄ አጣደፉት። ልቡ ተመለሰ። ወደ ቡድኑም ሄደ፤ በሙያ ዘመኑ 426 ሆም ረን (መቺውን ቤዞቹን ሁሉ አዙሮ ነጥብ የሚያስገኝ ምት) መታ። ተጫዋች ማሳደግ ማለት ለእኔ ይሄ ነው፤ እጁን ብቻ ሳይሆን ሆዱንም ማወቅ።

በ1962 ካብስ ኦኒልን ረዳት አሠልጣኝ አደረገው። በትልቁ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ረዳት አሠልጣኝ ነው። ሆኖም በጨዋታ መሃል ከቤዞቹ ጎን ቆሞ ሯጮችን እንዲመራ አልፈቀዱለትም። አንድ ቀን ሌሎቹ አሠልጣኞች ከሜዳ ሲባረሩ እንኳ እሱን አልፈው ሌላ ሰው ጠሩ። ኦኒል ያንን አልረሳውም። ወደ ምልመላው ተመልሶ ተጫዋቾቹን ሊ ስሚዝንና ጆ ካርተርን ለካብስ አመጣ።

በ2006 አንድ ልዩ ኮሚቴ ከጥቁሮች ቤዝቦል 17 ሰዎችን የቤዝቦል ታላላቆች ለሚከበሩበት የዝና አዳራሽ ሲመርጥ ኦኒል አልተካተተም። እሱ ግን በ94 ዓመቱ ሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኝቶ ስለ እነሱ ንግግር አደረገ። በዚያው ዓመት ጥቅምት አረፈ። የእሱ ስም ወደ አዳራሹ የገባው በ2022 ነው።