«2+3+2» ማለት ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2004 ፖላንድና ሃንጋሪን ጨምሮ 10 አገሮች የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆኑ። ዜጎቻቸው በማግስቱ በፈለጉት አባል አገር መቀጠር የሚችሉ ይመስላል። እንዲያ አልነበረም። የመግቢያ ስምምነቱ «2+3+2» የሚባል የሽግግር ደንብ ይዞ ነበር።

ቁጥሮቹ ዓመታት ናቸው። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነባር አባላት በአገራቸው ሕግ ቅጥርን መገደብ ይችሉ ነበር። ለ3 ዓመት ለማራዘም የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል ለሆነው ለአውሮፓ ኮሚሽን ማሳወቅ ይበቃ ነበር። የመጨረሻዎቹን 2 ዓመታት ለመጨመር ግን የሥራ ገበያቸው በብርቱ መናጋቱ ወይም የመናጋት ስጋት መኖሩ ግድ ነበር። ከ7 ዓመት በላይ አይቻልም ነበር።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የተገደበው ቅጥር እንጂ ጉዞ አይደለም። በዚያን ጊዜ አንድ ፖላንዳዊ ግንበኛ ያለ ቪዛ በርሊን ይገባ፣ የራሱን ሥራ ከፍቶም ይሠራ ነበር። በዚያው ሙያ ደመወዝተኛ ልሁን ካለ ግን የሥራ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። ያው ሰው፣ ያው መዶሻ!

ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ገበያቸውን ወዲያው ከፈቱ፤ ጀርመንና ኦስትሪያ እስከ 2011 ቆዩ። ማልታና ቆጵሮስ ከመጀመሪያውም ገደቡ አልነካቸውም። በ2007 የገቡት ቡልጋሪያና ሮማኒያ በአንዳንድ አገሮች ሙሉውን 7 ዓመት ጠብቀዋል።

የነባሮቹ ስጋት ይገባኛል፤ ሆኖም እኩል አባል ተብሎ 7 ዓመት ደጅ መጥናት ከባድ ነው። አዲሶቹም ዝም ብለው የሚቀበሉ አልነበሩም፤ ደንቡ አጸፋ ይፈቅድ ስለነበር ሃንጋሪ ገደብ በጣሉባት አገሮች ዜጎች ላይ የራሷን ገደብ ጥላ ነበር።