«ወርሽ ገብቷል፣ ቻይው» ለምትባል እህቴ

ታናሽ እህቴ አዘዞ ነው የምትኖረው። ወሯ ገብቷል። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ የባሏን ሸበጥ አድርጋ በር ከፈተችልኝ። የራሷ ጫማ አልገባ ብሏታል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ምክሩ ከየአቅጣጫው ወረደላት። ብዙው ከፍቅር ነው፣ ጥሩም አለበት። አንዳንዱ ግን እኔም ሁለት ልጆቼን ስወልድ የሰማሁት፣ ያኔም ስህተት የነበረ ነው። ለእትዬዎቹ አክብሮት ብዬ እዚያ ዝም ያልኩትን እዚህ ልናገረው።

«እግር ማበጥ የድርስ ወጉ ነው። ውሃ ቀንሺ።»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ማህፀን ሲከብድ ከእግር ወደ ላይ የሚመለሰውን ደም ይጫነዋል፣ ፈሳሹ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀማል። የእህቴን ቅልጥም በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ቦታው ጎድጉዶ ቆየ። ማታ የሚብስ፣ አድሮ ጠዋት የሚጎድል እብጠት ብዙም አያሰጋም። ውሃ መቀነስ ግን እብጠቱን አያወርደውም፤ የሆድ ድርቀት ነው የሚጨምርልሽ። ቡና ስታፈዪ በርጩማ ላይ አጎንብሰሽ አትቆዪ። ወንበሩ ላይ ተቀመጪና በርጩማውን እግርሽን ስቀዪበት። የጥምቀት ዕለትም ቢሆን በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ ለሰዓታት ከመቆም ጥላ ፈልጎ መቀመጥ ነውር የለውም።

አሁን የማይታለፈውን ልንገርሽ። ፊትና እጅሽ በድንገት ካበጠ፣ ራስ ምታቱ አለቅ ካለሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ወይም ብልጭ ብልጭ ካለብሽ፣ ከጎድንሽ ሥር በስተቀኝ ከወጋሽ፣ የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ከ20 ሳምንት በኋላ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ሐኪም ማየት አለበት። «ምች ነው» ብለሽ ዳማ ከሴ ስትጨምቂ አትደሪ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ከቀላ፣ ከሞቀና ካመመም ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት ነው።

«ቃር ከበዛብሽ ልጁ ፀጉራም ነው።»

ይህን ሲሉ ሁሉም ይስቃል፣ ቃሩን ግን ማንም አያክመውም። በእርግዝና ጊዜ የሚበዛው ሆርሞን የጨጓራን የላይኛውን መዝጊያ ያላላዋል። ልጁም ከታች ይገፋል። ስለዚህ አሲዱ ወደ ጉሮሮ ይወጣል። እህቴ ማታ 3 ሰዓት ሽሮዋን በልታ ወዲያው ጋደም ትላለች። ራቷን ቀደም አድርጋ፣ ጥቂት ጥቂት፣ በርበሬውን ቀነስ አድርጋ ብትበላ ይሻላታል። ከራት በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይተኙ መቆየት፣ ሲተኙም ትራሱን ከፍ ማድረግ ነው። ቡናውንም ከሦስቱ አቦሏን ትጠጣ፣ ቶናውንና በረካውን ትተወው።

«የአይረን ኪኒን ልጅ ያገዝፋል።»

በዚህ ወሬ ስንቷ ኪኒኗን ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቃለች! ኪኒኑ የደም ማነስን ነው የሚከላከለው። ደም ያነሳት እናት ደግሞ ስትወልድ ትንሽ ደም ቢፈሳት እንኳ ትጎዳለች። ሰገራ ያጠቁራል፣ አትደንግጪ። ሆድ ያደርቃል፣ ጎመን፣ ምስር፣ ብርቱካንና ውሃ አብዢ። ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አትዋጪው፣ ጥቅሙን ይቀንሱታል። ልጁ እንዳይገዝፍ ምግብ መቀነስም እናቲቱን ከማድከም በቀር ምጥ አያቀልም።

«ተልባ ልጁን ያንሸራትተዋል።»

ተልባ የሚሄደው ወደ አንጀት ነው። ልጁ ያለው ማህፀን ውስጥ ነው። መንገዳቸው አይገናኝም።

«አትገላበጪ፣ እትብቱ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል።»

እትብት ቢጠመጠም ልጁ ራሱ ሆድ ውስጥ ሲዞር ነው፣ አንቺ አልጋ ላይ ስትዞሪ አይደለም። ይልቅ ከ28 ሳምንት በኋላ በጀርባ መተኛት ነው የማይመከረው፤ ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። በግራም በቀኝም ጎንሽ ተኚ። እኔ ጋቢ ጠቅልዬ በጉልበቶቼ መሃል አደርግ ነበር፣ ለወገቤ መድኃኒት ነበር። ሌሊት በጀርባሽ ሆነሽ ብትነቂ አትረበሺ፣ ዞር ብለሽ ተኚ። ስትራፖ ከያዘሽ ደግሞ የእግርሽን ጣቶች ወደ ራስሽ ሳቢ፣ ይለቅሻል።

«የወገብ ሕመም ሥራ ሲበዛ ይለቃል፣ ምጥም ይቀላል።»

መራመድ ጥሩ ነው። ውሃ በጠፋ ቁጥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ የጎንደርን ዳገት መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ጊዜ የዳሌ መጋጠሚያዎች ይላላሉ፣ ሆድም ወገብን ወደ ፊት ይስበዋል። ጀሪካኑን ባል ይሸከም። ሞቅ ያለ ፎጣ ወገብ ላይ ማድረግና ቀስ አድርጎ ማሸት ያሳርፋል። ሆድሽን ግን «ልጁን ላስተካክልልሽ» የሚል ሁሉ እንዳያሽሽ፣ የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው ሊላቀቅ ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ከፋርማሲ ገዝተሽ አትዋጪ። የልጁን ኩላሊትና ልብ ሊጎዱ ይችላሉ። ማስታገሻ ካስፈለገ ፓራሲታሞል ይሻላል፣ እሱንም ጠይቀሽ።

«ወሩ ሲገባ ልጁ ይረጋል።»

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ቦታ ሲጠበው እርግጫው ወደ መገላበጥና ወደ መግፋት ሊለወጥ ይችላል፣ እንቅስቃሴው ግን እስከ ምጥ ድረስ መቀነስ የለበትም። ከለመድሽው ከቀነሰ በዚያው ሰዓት መሄድ ነው። ደም ካየሽ ወይም የሽርት ውሃ ከፈሰሰም እንደዚሁ።

ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ እህቴ ደወለች። «ከቀትር ጀምሮ ዝም ብሎኛል፣ እስኪነጋ ልጠብቅ?» አለችኝ። «አሁኑኑ ተነሺ እታለም» አልኳት። ባሏ የሰፈር ባጃጅ ጠርቶ ወሰዳት። አዋላጇ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆየች። የልቡ ምት ደህና ነበር። ጥቂት ቆይቶም መገላበጥ ጀመረ። እህቴ አፍራ «በከንቱ አስቸገርኳችሁ» አለቻት።

«ነገ ማታም እንዲህ ካደረገሽ ነገ ማታም ነይ» አለቻት አዋላጇ።