220 ቮልት የምን አማካይ ነው?

በፒያሳም ሆነ በአራት ኪሎ ቤቶች ሶኬት ላይ የምናገኘው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ በ+311 እና በ−311 ቮልት ገደማ መካከል ስለሚመላለስ ተራ አማካዩ ዜሮ ነው፤ ምጣዱ ግን እንጀራ ይጋግራል። 220 የሚለው ቁጥር አር ኤም ኤስ የተባለው ሌላ ዓይነት አማካይ ሲሆን፣ ያንኑ ምጣድ እኩል ሊያግል የሚችለውን የቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ቮልት ያመለክታል።

ስሌቱ እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ ማባዛት፣ የውጤቶቹን አማካይ መውሰድ፣ በመጨረሻም የአማካዩን ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው። ለምሳሌ የ7፣ የ−7፣ የ1 እና የ−1 ድምር ዜሮ ነው፤ በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ ግን 100፣ ይህም ለ4 ሲካፈል 25 ስለሚሆን አር ኤም ኤሱ 5 ነው። ምልክታቸውን ትተን መጠናቸውን ብቻ ብንወስድ አማካዩ 4 ይሆን ነበር፤ ልዩነቱ የመጣው በራስ ማባዛት ትልልቆቹን ቁጥሮች ይበልጥ ስለሚያገንን ነው። ቅደም ተከተሉ ሊዛባ አይገባም፤ አስቀድሞ አማካዩን ወስዶ ኋላ በራሱ ማባዛት እዚህ ዜሮን ብቻ ይመልሳል።

ብዙ ርካሽ ቴስተሮች (የቮልት መለኪያዎች) ይህን ስሌት ጨርሶ አይሠሩም፤ ምልክት አልባውን አማካይ ለሳይን ሞገድ፣ ማለትም እንደ ሶኬቱ ኤሌክትሪክ ለስላሳ ሆኖ ለሚወጣና ለሚወርድ ሞገድ፣ በተሰላው 1.11 አባዝተው ስለሚያሳዩ፣ ሞገዱ ሳይን ባልሆነ ኢንቨርተር (የባትሪን ኤሌክትሪክ ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይር መሣሪያ) ላይ ንባባቸው ይሳሳታል።